ፕሮሰሰር ይጦዛል እንጂ ትርፍ ሰዓት አይሠራም

የቤት ኮምፒውተሩን በትንሽ ገንዘብ ማደስ የፈለገ ሰው በአማርኛ ምክር ሲፈልግ «ፕሮሰሰርዎን ከመጠን በላይ ሰዓት ያድርጉ» ከሚል ዓረፍተ ነገር ጋር ቢፋጠጥ አይደንቅም። ጽሑፉን የተረጎመው ማሽን ከሆነማ ነገሩ ይብሳል፤ «ከመጠን በላይ መጨናነቅ» የሚል ያነብና ኮምፒውተሩ ታሟል ወይስ ሰው ሞልቶበታል ብሎ ግራ ይጋባል። «ኦቨርክሎክ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ክሎክ» ሰዓት፣ «ኦቨር» ከመጠን በላይ ተብሎ ከመዝገበ ቃላት ተለቅሞ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ በአማርኛ ምን እንደሚሉ ግን ጆሮውን ሰጥቶ ያዳመጠ የለም። እንዲህ ያለው ትርጉም የሚያናድደው ስሕተት ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንባቢው «አማርኛ ለዚህ ዓይነት ነገር አይሆንም» ብሎ ወደ እንግሊዝኛው እንዲሸሽ ያደርገዋል፤ የተርጓሚው ስንፍና በቋንቋው ስም ይመዘገባል።

ነገሩን አብዛኛው አንባቢ በግማሽ ስለሚያውቀው በአጭሩ ልለፈው። ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው። ማዘርቦርዱ መነሻ ምት ይሰጠዋል፤ በዛሬዎቹ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 100 ሚሊዮን፣ ማለትም 100 ሜጋኸርዝ ነው። ፕሮሰሰሩ ይህን በራሱ ቁጥር ያባዛዋል፤ ቁጥሩ 32 ከሆነ ውጤቱ 3.2 ጊጋኸርዝ ይሆናል። እግረ መንገዴን፣ «ቤዝ ክሎክ» እና «መልቲፕላየር» እየተባሉ የሚያስፈራሩን ሁለት ቃላት በሒሳብ ክፍል «ተባዢ» እና «አባዢ» ብለን ከተማርናቸው ምንም አይለዩም፤ «ብዜት» የሚለውም ለውጤቱ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ባለቤቱ ባዮስ ውስጥ ገብቶ አባዢውን ከ32 ወደ 40 ካሳደገው ፕሮሰሰሩ ፋብሪካው ከጻፈለት አልፎ በ4 ጊጋኸርዝ ይመታል። ምቱ ሲፈጥን ትራንዚስተሮቹ ቀጣዩ ምት ሳይቀድማቸው ሥራቸውን መጨረስ ያቅታቸዋል፤ እንዲደርሱ ቮልቴጅ ይጨመርላቸዋል፤ ቮልቴጁ ሙቀት ያመጣል፤ ሙቀቱን የሚችል ፋን ከሌለ ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይም ድርግም ብሎ ይጠፋል። ይኸው ነው።

ከ«ሰዓት» እንጀምር። እንግሊዝኛ ለሰዓት ቁጥሩ አንድ ቃል፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው ሌላ፣ ክንድ ላይ ለሚታሰረው ደግሞ ሌላ ቃል አለው። በአማርኛ ሦስቱም ሰዓት ናቸው። ስለዚህ «ክሎክ»ን «ሰዓት» ብለን ሌላ ቃል ስናስጠጋበት መሣሪያው ወደ ኋላ ይቀርና ጊዜው ይቀድማል። «ከሰዓት በላይ» ሲባል አማርኛ ተናጋሪ የሚሰማው መዘግየት ነው፤ «ሰዓት ማሳለፍ» አርፍዶ መድረስ ወይም ቁጭ ብሎ ጊዜ መግደል ነው፤ «ትርፍ ሰዓት» ደግሞ ክፍያ የሚጠየቅበት የመሥሪያ ቤት ሥራ ነው። አንዱም ለፕሮሰሰር አይሆንም። ደግሞስ እንግሊዝኛው ራሱ እዚህ ላይ «ክሎክ» ሲል የሚያስበው ጊዜ መቁጠርን ነው? የቃሉን ዘር ወደ ኋላ ቢከተሉት ደወል የሚል ትርጉም ካለው የመካከለኛው ዘመን ላቲን ቃል ላይ ያደርሳል፤ መጀመሪያ የተሰማው ድምፁ እንጂ የታየው ቆጣሪው አይደለም። በፕሮሰሰር ውስጥ ያለውም ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማንም አይናገርም። ይመታል፣ እንደገና ይመታል፤ ሌላው ሁሉ እሱን ጠብቆ ይንቀሳቀሳል።

ይህን የሚሠራ ነገር በአማርኛ ስም አለው፤ «ምት» ይባላል። የልብ ምት እንላለን፤ የከበሮ ምት እንላለን። ሁለቱም እኩል እየተራራቁ የሚደጋገሙ፣ ሊቆጠሩ የሚችሉ፣ ሲፋጠኑም ሲዘገዩም በሌላው ላይ ለውጥ የሚያመጡ ናቸው። ሐኪም የልብን ምት በደቂቃ እንደሚቆጥር መሐንዲሱ የፕሮሰሰሩን በሰከንድ ይቆጥራል፤ ልዩነቱ የቁጥሩ ማነስና መብዛት ብቻ ነው። አንዳንዶች በፊዚክስ መማሪያ የለመድነውን «ድግግሞሽ» ይመርጡ ይሆናል፤ እሱ ግን የልኬቱ ስም ነው፤ የሚደጋገመውን ነገር አይጠራውም። ምቱ ይደጋገማል፣ ድግግሞሹም በኸርዝ ይለካል፤ ሁለቱ ተጋግዘው ይኖራሉ እንጂ አይተካኩም። ምት እኮ የኳስ ነው የሚል ይኖራል፤ የማዕዘን ምት፣ ፍጹም ቅጣት ምት። አዎ፣ ነው። የስፖርት ጋዜጠኞች ከልብና ከከበሮ ሲወስዱት ማንም ልቤ እንደ ኳስ ተመታ ብሎ አልተደናገረም፤ ፕሮሰሰርም አያደናግርም። በግዕዝ «ምት» ባል ማለት መሆኑን የሚያነሣ ሊቅ ቢኖር ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ባዮስ ውስጥ ግን የሚያገባ የለም።

«ከመጠን በላይ» ከ«ሰዓት» የባሰ ነው፤ ጥፋቱ የሐሳብ ነውና። በአማርኛ ከመጠን በላይ የሚሆን ነገር ሁሉ ነውር ወይም በሽታ ነው፦ ከመጠን በላይ መጠጣት፣ ከመጠን በላይ ውፍረት፣ ከመጠን በላይ መጫን። መጠን ሲባል ልኩ በነገሩ በራሱ ውስጥ ያለ ይመስላል። የፕሮሰሰር ልክ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ሲሊከኑ የሚችለው፣ ሌላው ፋብሪካው ሳጥኑ ላይ የጻፈው። ከአንድ ዝርግ ሲሊከን የሚቆረጡ ቺፖች ተፈትነው በየደረጃቸው ይመደባሉ፤ ገበያው ርካሹን አብዝቶ ሲፈልግ የተሻለ የሚችለውም ቺፕ ዝቅ ያለ ቁጥር ተጽፎበት ሊሸጥ ይችላል። ለዚህ ከሴሌሮን 300ኤ የሚበልጥ ምስክር የለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1998 ለርካሹ ገበያ ያወጣው ይህ ፕሮሰሰር መነሻ ምቱ 66.67 ሜጋኸርዝ፣ አባዢው 4.5 ላይ የተቆለፈ፣ ብዜቱ 300 ሜጋኸርዝ ነበር። አባዢውን መንካት ስላልተቻለ ሰዎች ተባዢውን ነኩት፤ መነሻ ምቱን 100 ሲያደርጉት ያው 4.5 ተባዝቶ 450 ሰጣቸው፣ ብዙዎቹ ቺፖችም ሳያንገራግሩ ሠሩበት። ማዘርቦርዳቸው ምርጫውን የማይሰጣቸው ደግሞ በፕሮሰሰሩ ካርድ ጠርዝ ላይ ከተደረደሩት መገናኛዎች ቢ21 የተባለችውን አንዷን ብቻ በቁራጭ ፕላስተር ይሸፍኗታል፤ ቦርዱም ባለ 100 ፕሮሰሰር የተሰካበት መስሎት ይነሣል። በዚያው ዓመት 450 ተብሎ የተሸጠው ፔንቲየም 2 ዋጋው የሴሌሮኑን ብዙ እጥፍ ነበር። እንግዲህ ይህ ቺፕ 450 ላይ ሲሠራ ከመጠን በላይ ሆነ ይባላል? ያለፈው የተጻፈለትን ነው፤ የተፈጠረበትን አላለፈም። ቃሉ ገና ከመነሻው ወቀሳ ከያዘ፣ ፋብሪካው ለገበያ ሲል ያሰመረውን መስመር የተፈጥሮ ሕግ አድርገን ተቀበልን ማለት ነው።

ታዲያ ምን እንበለው? በመጀመሪያ የሚመጣው «ምት ማፍጠን» ነው፤ ቀላል ነው፣ ማንም ይረዳዋል፣ እኔም ሌላ ባይኖር አልጠላውም። ችግሩ ፕሮሰሰሩ ራሱም ምቱን ማፍጠኑ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ተርቦ ቡስት ብሎ ያመጣው፣ ኤኤምዲም በራሱ ስም የሚሠራበት ዘዴ ሥራ ሲበዛ ምቱን ከፍ፣ ሙቀት ሲበዛ ዝቅ ያደርጋል፤ ይህ ሁሉ ፋብሪካው በፈቀደው ውስጥ ነው፣ ዋስትናም አይነካም። ሁለቱን በአንድ ቃል ከጠራን ሻጩ «ይህ ፕሮሰሰር ምት ያፈጥናል» ሲል ራሱ ያፈጥናል ማለቱ ይሁን አንተ ልታፈጥነው ትችላለህ ማለቱ አይታወቅም። ገንዘብ የሚወጣበት ልዩነት ነው። «ምት ማናር» የሚልም ሊቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን ንረትን የዋጋ ወሬ ለብቻው ወስዶታል፤ ከሚያስፈልገን በላይ የሸቀጥ ምሬት ይዞ ይመጣል። ወደ ግዕዝ የሚያዘነብሉ ደግሞ በ«ልዕለ ኃያል» አምሳያ «ልዕለ ምት» ሊሉን ይችላሉ። ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን ስም ነው፤ ግስ አይወልድም። ባለሙያው ደንበኛውን «ልዕለ ምት ላድርግልህ?» ሊለው ነው፤ ይህ ደግሞ «ኦቨርክሎክ ላድርግልህ?» ከሚለው በምን ይሻላል? የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ካዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ውስጥ ብዙ የተደከመባቸው ቃላት እስከ ዛሬ ከገጹ አልወጡም፤ አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ የተጣመሩ ስሞች ተሰጡን፣ ሰው ግን በሥራ ላይ የሚፈልገው ማዘዝ፣ መከልከልና መጠየቅ የሚችልበትን ግስ ነበር።

እኔ የምመርጠው «ምት ማጦዝ» ነው። ጦዘ ከፈታይና ከገመድ ሠሪ መንደር የወጣ ቃል ነው፤ ክር ከርሮ፣ ገመድ ተወጥሮ ሲጠነክር ጦዘ ይባላል። ከዚያ ተነሥቶ ከተማ ገብቷል፤ ክርክሩ ጦዘ፣ ጨዋታው ጦዟል እንላለን። የሥነ ጽሑፍ መምህራንም ግጭቱ ተካርሮ ጫፍ የሚደርስበትን የልቦለድ ክፍል «ጡዘት» ብለውታል፤ ማንም ተማሪ ክርና እንዝርት አምጣ አላላቸውም። አረባቡም ችግር የለበትም፤ ቆመ በሚረባበት መንገድ ይሄዳል። ቆመ፣ አቆመ፣ ማቆም፣ ማቆሚያ፣ ቁመት እንደምንለው ጦዘ፣ አጦዘ፣ ማጦዝ፣ ማጦዣ፣ ጡዘት እንላለን። ሥራው ማጦዝ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ሰው አጧዥ ነው፤ የሚሠራበት ፕሮግራም ወይም የባዮስ ገጽ ማጦዣ ነው፤ የደረሰበት ከፍታ ጡዘቱ ነው። «ይህ ቦርድ አያጦዝም» በሦስት ቃል አንድ ሙሉ የግዢ ምክር ነው። ዛሬ ደግሞ ይህ ምክር ያስፈልጋል፦ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ካወጣቸው የራይዘን ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ አባዢያቸው ክፍት ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ቦርዶቻቸው ርካሹ ኤ320 ግን አይፈቅድም፣ ቢ350 ይፈቅዳል። በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ስሙ መጨረሻ ላይ «ኬ» ያለበት ፕሮሰሰር ከ«ዜድ» ቦርድ ጋር ካልተጋባ አይሆንም። ከመሥሪያ ቤት ወጥተው ያገለገሉ ተብለው የሚሸጡት ዴስክቶፖች ባዮስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለዚህ ዝግ ነው።

ከአረባቡ የበለጠ የሚያሳምነኝ ግን ቃሉ ዋጋውን በውስጡ መያዙ ነው። ክር በጦዘ ቁጥር ይጠነክራል፤ ደግሞም ወደ መበጠሱ ይቀርባል። ፕሮሰሰሩም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፤ በቁጥርም ይታያል። የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ ከምቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚያድገው። ምቱን 20 በመቶ ለመጨመር ቮልቴጁን 10 በመቶ ማሳደግ ቢያስፈልግ፣ 1.2 በ1.1፣ እንደገና በ1.1 ሲባዛ 1.45 ይሆናል፤ 20 በመቶ ፍጥነት በ45 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት ተገዛ ማለት ነው። «ማፍጠን» ይህን አይነግርህም፤ መፍጠን ነፃ ይመስላል። «ከመጠን በላይ» ደግሞ ገና ሳትጀምር ያስፈራራሃል። «ማጦዝ» ሁለቱንም ይላል፤ ይቻላል፣ ነገር ግን ውጥረት አለው። ኢንቴልም ኤኤምዲም ከተጻፈው በላይ ሲሠራ የተበላሸውን ዋስትናው አይሸፍንም ይላሉ፤ ይህን ለደንበኛው ለማስረዳት «የጦዘ ነው» ከማለት ያጠረ መንገድ አይታየኝም።

ቃሉ ድንበሩንም ያውቃል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2014 የፔንቲየምን 20ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ጂ3258 የተባለ ባለ 72 ዶላር ፕሮሰሰር አባዢውን ከፍቶ አወጣ። ከ3.2 ጊጋኸርዝ ተነሥቶ 4.2 እና ከዚያ በላይ የደረሰላቸው ብዙ ናቸው፤ በአንድ ሦስተኛ ገደማ የጨመረ ምት ማለት ነው። ነገር ግን ሁለት ኮር ብቻ ነበረው፤ አራት ኮር ጠብቀው የተሠሩ ጌሞች ሲመጡ የቱንም ያህል ቢጦዝ የጎደሉት ኮሮች አልበቀሉለትም። ክርም ቢሆን ሲጦዝ ይጠነክራል እንጂ አይረዝምም፤ ሌላ ክር አይሆንም። አዲስ ፕሮሰሰር ከመግዛት ያለውን ማጦዝ ይሻለኛል ብሎ የሚያሰላ ሰው ይህን ልዩነት ከቃሉ ውስጥ ማንበብ ከቻለ ቃሉ ሥራውን ሠርቷል።

ተቃውሞ አይጠፋም። የመጀመሪያው የጨዋነት ነው፤ በከተማው ወጣት አፍ ጦዘ ማለት ሰክሮ ወይም ቅሞ ሞቀው ማለት ነው፣ እንዴት በቴክኖሎጂ ጽሑፍ ይገባል የሚል። መልሱ በ«ጡዘት» ላይ ተሰጥቷል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሳያፍር ይጽፈዋል። ደግሞም ፕሮሰሰሩን የሚያጦዘው ራሱ ያ ወጣት ነው፤ ቃሉ በአፉ ካለ ግማሹ መንገድ ተሄዷል። «ማክረር»ን ያልመረጥኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ በትርጉም ወንድሙ ነው፣ ነገር ግን ከእሱ የሚወጣው «አክራሪ» ነው፤ ሰውን ፋን ስለቀየረ ብቻ በዚህ ስም መጥራት ግፍ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በሙያው ያለው ሰው ሁሉ «ኦቨርክሎክ ማድረግ» እያለ ተግባብቷል፣ ለምን አዲስ ቃል? የባዕድ ቃል ጠላት አይደለሁም። መኪና ከጣሊያንኛ መጥቶ ቤተኛ ሆኗል። ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ባዮስ ይኑሩ፤ ሳጥን ላይ የተጻፉ የዕቃ ስሞች ናቸው፣ ገዢው በእነሱ ነው የሚጠይቀው። «ኦቨርክሎክ» ግን የዕቃ ስም አይደለም፤ አንድ ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ የሚፈጽመው ድርጊት ነው፤ ምን እየፈጸመ እንደሆነ ቃሉ ሊነግረው ይገባል። እነ ድረ ገጽ፣ የይለፍ ቃል፣ ማስፈንጠሪያ፣ መተግበሪያ የቆዩት ማንም ስላዘዘ አይደለም፤ የሰማቸው ሰው ከሥራቸው የሚያውቀውን ነገር ስላገኘ ነው። ከማስፈንጠሪያ ሥር አስፈነጠረ አለ። ከድረ ገጽ ሥር ድር አለ፣ እሱም ከዚያው ከፈታይና ከሸማኔ ቤት ነው፤ ማጦዝ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ቀድሞት የገባ ዘመድ ያገኛል። «ኦቨርክሎክ» የሚለውን ለምዶ የሚናገር ባለሙያ እንዲተወው አልጠይቅም፤ የምጠይቀው ጸሐፊውንና ተርጓሚውን ነው፤ ወይ እንዳለ «ኦቨርክሎክ» ይበሉ፣ ወይ አማርኛ ይጻፉ። «ከመጠን በላይ ሰዓት» ግን ሁለቱንም አይደለም።

አንድ ነገር ይቀራል። ዛሬ የሚወጡ ፕሮሰሰሮች በራሳቸው እስከ አቅማቸው ጫፍ ስለሚሮጡ ለአጧዡ የተረፈው ቦታ ጠቧል፤ ብዙ ሰው አሁን የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፤ ምቱን ሳይነካ ቮልቴጁን በትንሽ በትንሹ ዝቅ እያደረገ ሙቀትና የፋን ጩኸት ይቀንሳል። ለዚህም «ከመጠን በታች» የሚል ሳይመጣብን በፊት ቃል መያዝ ይሻላል። የጦዘ ነገር ተቃራኒው የላላ ነው፤ ስለዚህ ምትን ዝቅ ማድረግ «ምት ማላላት»፣ ቮልቴጅን ዝቅ ማድረግ «ቮልቴጅ ማላላት» ይሁን። ሁለተኛው ላይ ራሴም ሙሉ በሙሉ አልረጋሁም፤ በአማርኛ ውጥረት ይላላል፣ ቮልቴጅ ግን እንደ ውኃ ግፊት ስለምናስበው «መቀነስ» የሚለው ተራ ቃል ሳይበቃው አይቀርም። ባለሙያዎቹ በሥራ ላይ ሞክረው ከሁለቱ አንዱን ያስቀሩት።